የማይጮኽ ጥይት፦ ከድምፅ የሚዘገይ ከባድ አረር ለአደን

ቡሄ ላይ ጅራፍ ያጮኸ ሰው የዚህን ጽሑፍ ግማሽ ቀድሞ ያውቀዋል። ያ «ጧ!» የሚለው ድምፅ ጅራፉ የሆነ ነገር ስለመታ የሚወጣ አይደለም። የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው። ፊቱ ያለው አየር ገለል ለማለት ጊዜ አያገኝም። ይጨመቅና ማዕበል ሆኖ ይወጣል። ማዕበሉ ጆሯችን ጋ ሲደርስ «ጧ» ይላል።

ጥይትም እንደዚሁ ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ የምንሰማው አንድ ድምፅ ይመስለናል እንጂ ሁለት ነው። አንዱ ከአፈሙዙ ይወጣል። ባሩዱ የፈጠረው ትኩስ ጋዝ በአንዴ ሲለቀቅ የሚያሰማው ፍንዳታ ነው። ሁለተኛው የአረሩ ነው። አየሩን እየሰነጠቀ በሄደበት መንገድ ሁሉ ይጮኻል። አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው ሳይለንሰር የሚያፍነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለሁለተኛው ያለው መላ አንድ ነው፤ አረሩን ከድምፅ በታች ማዘግየት። ሰብሶኒክ የሚባለው ጥይት ይህ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት በቃላት እንግባባ። ጥይት ስል ሙሉውን ማለቴ ነው። ቀለህ የምለው የነሐሱን ቀፎ ነው። ፕራይመር ቀለሁ ቂጥ ላይ የምትገባው ትንሿ መለኮሻ ናት። ባሩዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በርሮ ሄዶ የሚመታውን ደግሞ አረር እለዋለሁ፤ ከእርሳስም ይሠራ ከመዳብ።

እኔ የምኖረው ቴክሳስ ነው። እዚህ ይህ ነገር ለጨዋታ የመጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ6 ሚሊዮን በላይ የዱር አሳማ እንዳለ የአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ይናገራል። ከግዛቶቹ ሁሉ ብዙ ያለው ደግሞ ቴክሳስ ነው። መንጋው ሌሊት ወጥቶ የበቆሎ ማሳ ሲያገላብጥ ያደረ እንደሆነ ጠዋት ላይ በትራክተር የታረሰ ነው የሚመስለው። አንዱን በተለመደው ጥይት ስትመቱ የቀሩት ጨለማው ውስጥ ይበተናሉ፣ ለሳምንታትም ይጠነቀቃሉ። በሰብሶኒክና በሳይለንሰር ሲሆን ግን የቀሩት ድምፁ ከየት እንደመጣ ስለማይገባቸው ግራ ተጋብተው የሚቆሙበት ጊዜ አለ። የአዳኙ ጆሮም ይተርፋል። ጎረቤትም አይረበሽም።

ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን አይጠቀምበትም? ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው። ዋጋውን ሳያውቁ የሚገቡበት ሰዎች አሉ። ዕዳውን የምትከፍለው ግን ቆስላ ጫካ የምትገባው እንስሳ ናት። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው።

ድምፅ ራሱ ስንት ይሮጣል?

ክረምት ላይ መብረቅ ብልጭ ሲል ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ የምንቆጥረው ለምንድን ነው? ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ፍጥነቱ በሰከንድ 343 ሜትር ነው። ቁልፉ ያለው «በ20 ዲግሪ» የሚለው ላይ ነው። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው በዋናነት የአየሩ ሙቀት ነው። ከፍታው በራሱ አይቀይረውም። አዲስ አበባ ላይ ድምፅ ከአፋር በረሃ ይልቅ የሚዘገየው ከተማዋ ከፍ ስላለች ሳይሆን ስለምትቀዘቅዝ ነው።

ይህ ለአዳኝ ተራ ወሬ አይደለም። ነሐሴ ላይ፣ በ35 ዲግሪ፣ የድምፅ ፍጥነት 352 ሜትር አካባቢ ነው። በሰከንድ 335 ሜትር የሚሄድ ጥይት ሞላሁ እንበል። ጸጥ ያለ ነው፣ ደስ ይላል። ጥር ላይ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ በሆነ ጠዋት ያንኑ ጥይት ይዤ ብወጣ ድምፅ ራሱ ወደ 328 ወርዶ ይጠብቀኛል። አረሩ ምንም ሳይፈጥን «ጧ» ይላል። ብርድ ባሩዱንም ትንሽ ስለሚያዳክመው አረሩ ራሱ ይዘገይ ይሆናል፤ በዚያ ላይ መተማመን ግን አይቻልም። ልምድ ያላቸው ሰዎች በሰከንድ ከ305 እስከ 320 ሜትር ባለው ውስጥ የሚቆዩት ለዚህ ነው። ወደ ድምፅ ፍጥነት በተጠጋ ቁጥር አየሩ አረሩን ስለሚያንገላታውም ኢላማው ይበላሻል።

ፍጥነት ሲቀር ክብደት

አሁን ሒሳቡን እንየው። የአንድ አረር ጉልበት ከክብደቱ ጋር እኩል ይጨምራል። ከፍጥነቱ ጋር ግን በካሬ ነው የሚጨምረው። ስለዚህ ፍጥነትን ስንቀንስ ጉልበቱ ይንኮታኮታል።

308 ዊንቸስተር የሚባለውን ታዋቂ የጠመንጃ ጥይት እንውሰድ። 150 ግሬን የሚመዝን አረር (9.7 ግራም ነው፤ 15.4 ግሬን አንድ ግራም ይሆናል) በሰከንድ 860 ሜትር ይወረውራል። ጉልበቱ 3,600 ጁል ገደማ ነው። ያንኑ አረር ወደ 310 ሜትር አዘግዩት። የሚቀረው 470 ጁል አይሞላም። ከ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጋር ተቀራረበ ማለት ነው። አጋዘን በሽጉጥ አረር ከሩቅ ለመምታት የሚነሣ ጤነኛ አዳኝ የለም።

ፍጥነቱ በድምፅ ስለታጠረ መጨመር የሚቻለው ክብደቱንና ውፍረቱን ብቻ ነው። ለዚህ ነው በሰብሶኒክ ዓለም ሰው ሁሉ ወደ ከባድና ወፍራም አረር የሚሄደው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ስሞች ሁሉ የጥይት ዓይነቶች ናቸው። በ310 ሜትር ፍጥነት 220 ግሬን የሆነ የ300 ብላክአውት አረር 690 ጁል ገደማ ይይዛል። 300 ግሬን የሆነ የ8.6 ብላክአውት አረር 930 ይይዛል። 500 ግሬን ከ45-70 ወይም ከ458 ሶኮም ሲወጣ 1,550 ይደርሳል። ውፍረቱንም እዩት። የ300ው አረር 7.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ45-70ው 11.6። የቀዳዳው ስፋት ከእጥፍ በላይ ነው፣ ያውም አረሩ ሳይከፈት።

አያቶቻችን ይህን በሌላ መንገድ ያውቁት ነበር። ሰናድር፣ ማለትም የእንግሊዞቹ ስናይደር፣ 14.7 ሚሊ ሜትር ነበር። አረሩ 31 ግራም የሚመዝን ለስላሳ እርሳስ ሲሆን ፍጥነቱ ከድምፅ ብዙም አይርቅም ነበር። ውጅግራም 11 ሚሊ ሜትር ሆኖ 25 ግራም እርሳስ ይወረውር ነበር። ጥቁሩ ባሩድ ከዚያ ብዙም አያስፈጥንም። የአሜሪካኖቹ 45-70ም የዚያው ዘመን ልጅ ነው፤ ለጦር ሠራዊታቸው የተሠራው በ1873 ነው። በዘመኑ ፈጣን ጥይት ስላልነበረ በክብደት ይካካስ ነበር። ዛሬ ጸጥታ ፈልገን ወደዚያው ሒሳብ ተመልሰናል።

ምርጫው ላይ ብዙ አልቆይም። 300 ብላክአውት 223 የሚባለው ቀጭን የጠመንጃ ጥይት ቀለህ ተቆርጦ የተሠራ ነው። ሥሩ ጄ. ዲ. ጆንስ የተባለ አሜሪካዊ ከሠራው 300 ዊስፐር ይመዘዛል። በይፋ የጸደቀው በ2011 ነው። እንደ ልብ ይገኛል፣ ቀለሁ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ባሩድ በደንብ ይሞላዋል። ግን ለትልቅ እንስሳ ሰብሶኒኩ በጣም ቀጭን ነው፤ እኔ ቅርብ ለቆመ አሳማ ብቻ ነው የምይዘው። 8.6 ብላክአውት መሃል ላይ ነው። ለእኔ ግን እንደ 45-70 ያለ አልተገኘም። አንድ በአንድ የሚጎረስ፣ ቀላልና ጠንካራ ጠመንጃ ይበቃዋል። አረሩም በየሱቁ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ፣ እባካችሁ። የ300 ብላክአውት ጥይት የ223 ጠመንጃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከተተኮሰ ጠመንጃውን ያፈነዳዋል። ሁለቱም ያላችሁ ሰዎች ጥይት የሚጎርሱባቸውን ካርታዎች በቀለም ለዩ፣ ጥይቶቹንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ።

አረሩ ካልተከፈተ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ተራ የአደን አረር ሥጋ ሲመታ አፉ እንደ አበባ እንዲከፈት ተደርጎ ይሠራል። ያ የሚሆነው ግን ፍጥነት ሲኖረው ነው፤ አብዛኞቹ በሰከንድ 550 ሜትር አካባቢ ይፈልጋሉ። በ310 ሜትር ሲመቱ አይከፈቱም። እንደ እርሳስ ብዕር ወግተው በሌላው በኩል ይወጣሉ። እንስሳዋ ትሮጣለች። ደሟ ብዙ አይፈስም። ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ እያበራችሁ ብትፈልጉም ላታገኟት ትችላላችሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ጥንብ አንሳ ያሳያችኋል።

ስለዚህ አረሩ ከመጀመሪያው ለዝግታ የተሠራ መሆን አለበት። ሆርናዲ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ሰብ-ኤክስ አንዱ ነው። ሊሃይ የሚባለው ኩባንያ ደግሞ ከመዳብ ተቀርጾ፣ አፉ በጥልቀት ተቦርቡሮ፣ ሲመታ ወደ ቅጠሎች የሚዘረጋ አረር ይሠራል። ሦስተኛው መንገድ የጥንቱ ነው፤ ራስህ ለስላሳ እርሳስ አቅልጠህ በቅርጽ ማፍሰስ። ንጹሕ እርሳስ በጥፍር ይጫራል። 20 እጅ እርሳስ ከአንድ እጅ ቆርቆሮ (የጣሪያው ሳይሆን ቲን የሚባለው ብረት) ጋር ሲቀላቀል ትንሽ ይጠነክራል፣ ለዚህ ሥራ ግን አሁንም ለስላሳ ነው። ለፈጣን ጥይት የሚመረጠው ጠንካራ ቅይጥ እዚህ ዋጋ የለውም፤ አይከፈትም። እርሳስ የምታቀልጡ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን። ሳትታጠቡ ልጅ አትቀፉ። የእርሳስ መርዝ ለሕፃን አእምሮ ጠላት ነው።

ከአረሩ ርዝመት ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። በርሜል ውስጥ የተቆፈሩት ጠመዝማዛ ቦዮች አረሩን ያሾሩታል። እንደ እንዝርት ነው፤ ካልሾረ ቀጥ ብሎ አይቆምም። እንዝርት በረዘመ ቁጥር ፈጣን ሽክርክሪት ይፈልጋል። ግሪንሂል የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ በ1879 ይህን በአጭር ቀመር አስቀምጦታል። በእሱ ቀመር 1.5 ኢንች የሚረዝም ባለ 7.8 ሚሊ ሜትር አረር በየ9.5 ኢንቹ አንድ ዙር መዞር አለበት። በየ12 ኢንቹ የሚያዞር የቆየ 308 ይህን አረር ሊያረጋጋው አይችልም። 300 ብላክአውት ላይ በየ8 ወይም በየ7 ኢንች የሚዞር በርሜል የሚገጠመው ለዚህ ነው። 8.6 ብላክአውት በየ3 ኢንቹ ያዞራል። በ310 ሜትር ፍጥነት አረሩ በሰከንድ ከ4,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል ማለት ነው። ያ ሽክርክሪት ሥጋ ውስጥ ሲገባ የአረሩን ቅጠሎች ለመዘርጋትም ይረዳል።

ያልተረጋጋ አረር ወረቀት ላይ ክብ ቀዳዳ አይሠራም፤ በጎኑ ስለሚመታ የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለ ነገር ይተዋል። አዲስ ጥይት ስሞክር መጀመሪያ ሳይለንሰሩን አውልቄ፣ በ25 ሜትር፣ ወረቀት ላይ ነው። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ክብ መሆናቸውን ሳላይ ሳይለንሰር አልገጥምም። የሚወላገድ አረር የሳይለንሰሩን ውስጥ ይመታል።

ጠረጴዛው ላይ

ጥይት በእጅ መሙላት አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ጋራዡ ውስጥ የሚሠራው ነገር ነው። በሕግም ለራስ ከሆነ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለመሸጥ ከሆነ ይጠይቃል። ሥራው ራሱ ረጅም ትዕግሥት ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ታጥባለህ፣ ወደ ልኩ ትመልሰዋለህ፣ አዲስ ፕራይመር ትተክላለህ፣ ባሩድ መዝነህ ትጨምራለህ፣ አረሩን ትጭናለህ። ስንት ግሬን ባሩድ እንደሚገባ እዚህ አልጽፍም። ያ ከባሩድ ፋብሪካውና ከአረር አምራቹ መጽሐፍ፣ ለዚያው ባሩድና ለዚያው አረር ከተጻፈው ብቻ ነው የሚወሰደው። ከጓደኛ ስልክ ላይ የተላከ ቁጥር አይወሰድም።

ሰብሶኒክን ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ትልቅ ቀለህ ውስጥ ትንሽ ባሩድ። 45-70 የተሠራው 70 ግሬን ጥቁር ባሩድ እንዲጎርስ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። የዛሬው ባሩድ ለሰብሶኒክ የሚያስፈልገው ከዚያ ጥቂቱ ብቻ ነው። ቀሪው ባዶ ነው። ከዚህ ሦስት ጣጣ ይመጣል።

የመጀመሪያው፣ ባሩዱ ቀለሁ ውስጥ ይንሸራተታል። ጠመንጃውን ወደ ላይ አንሥተህ ካወረድከው ባሩዱ ፕራይመሩ ጋ ይተኛል። ወደ ታች አዘንብለህ ካነሣኸው አረሩ ጋ ይሄዳል። እሳቱ በተለያየ መንገድ ይያያዛል፣ ፍጥነቱም ይለያያል። አንዱ ጸጥ ይላል፣ ሌላው ይጮኻል። ፍጥነት መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ይህን ሥራ ባይጀምር ይሻለዋል። ለዚህ ተብሎ ቀለል ብሎ ብዙ ቦታ የሚይዝ ባሩድ አለ። ትሬይል ቦስ የሚባለው መሃሉ እንደተበሳ ቀለበት ነው። እሱንም አረሩ እንዲጨፈልቀው ማድረግ ክልክል ነው።

ሁለተኛው፣ «ባሩድ ሲያንስ አደጋም ያንሳል» የሚባለው ሐሰት ነው። በዝግታ የሚነድ ባሩድን ከተጻፈው በታች መቀነስ ግፊቱን እንዳይተነበይ ያደርገዋል፤ ጠመንጃ የተሰነጠቀበት ጊዜም አለ። ከታችም ወለል አለው፤ ከዚያ አይወረድም።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚያስፈራኝ ነው። ተራ ጥይት ውስጥ ባሩድ በስሕተት ሁለት ጊዜ ብትጨምር ሞልቶ ይፈስሳል፤ ታውቃለህ። እዚህ ግን ሁለት እጥፍም ሦስት እጥፍም ይገባል። ከውጭ ስታየው አይለይም። ባዶውም እንደዚያው።

ባዶው እኔ ላይ ደርሷል። ሃምሳ ቀለህ የእንጨት ማቆሚያ ላይ ደርድሬ እየሞላሁ ነበር። ስልክ ጠራ፣ ተነሣሁ፣ ተመለስኩ። ቅዳሜ ኢላማ ቦታ አምስተኛውን ስተኩስ «ጵስ» አለ። ትከሻዬን አልገፋኝም። ወረቀቱ ላይም አዲስ ቀዳዳ የለም። ቀጣዩን ለመጉረስ እጄ ሄዶ ነበር፤ ግን የሆነ ነገር አስቆመኝ። ጠመንጃውን ከፍቼ በበርሜሉ ሳይ ብርሃን የለም። ፕራይመሯ ብቻዋን አረሩን አንድ ስንዝር ያህል ገፍታ በርሜሉ ውስጥ ተክላዋለች። ከኋላው ሌላ ጥይት ልኬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሁለት እጄ አልጽፍም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስሞላ ስልኬ ሌላ ክፍል ነው። ሃምሳውም ባሩድ ከገባበት በኋላ፣ አንድም አረር ሳልጭን፣ ባትሪ ይዤ እያንዳንዱን ቀለህ ከላይ አያለሁ። ባሩዱ በሁሉም ውስጥ እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። አንዱ ከጎረቤቱ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አፍስሼ እንደገና እመዝናለሁ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ሕጉ

ጸጥ ያለ ጥይት ሁሉ ለአደን የተፈቀደ አይደለም። ኮሎራዶ ለአጋዘንና ለትልልቅ እንስሳት በ100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት-ፓውንድ፣ ማለትም 1,356 ጁል ትጠይቃለች። አብዛኛው ሰብሶኒክ እዚያ ወድቆ ይቀራል። እንግሊዝ ውስጥ የ1991ዱ የአጋዘን ሕግ ለትልልቆቹ አፈሙዝ ላይ 1,700 ፉት-ፓውንድ ስለሚል ጨርሶ አይሆንም። ካሊፎርኒያ ከ2019 ሐምሌ ጀምሮ በእርሳስ አረር ማደን ከልክላለች። ሳይለንሰር በአሜሪካ ከ1934 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የሚመዘገብ ነገር ነው፤ ጭራሽ የማይፈቅዱ ግዛቶችም አሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መያዝ ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ግን የአደን ፈቃድ እንደማውጣት ያለ ልዩ ሁኔታ ከሌለው መያዙ በራሱ ወንጀል ነው። ወገኖቻችን ይህን ሳያውቁ ኢላማ ቦታ ሄደው የጓደኛ ጠመንጃ ያነሣሉ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ መሣሪያና ጥይት የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ አይነካም።

ርቀት

በመጨረሻ ዋጋው የሚከፈለው እዚህ ነው። በ310 ሜትር ፍጥነት አረሩ 100 ሜትር ለመሄድ አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መሬት ከግማሽ ሜትር በላይ ትስበዋለች። ፈጣኑ 308 በዚያው ርቀት የሚወርደው 7 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የእኔ ጠመንጃ መነጽሩ በ50 ሜትር ተስተካክሏል። በ75 ሜትር 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። በ100 ሜትር 22 ሴንቲ ሜትር። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። 100 ሜትሩን 75 ብዬ ከገመትኩ አረሩ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ወርዶ እግሯን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ በዓይን አልገምትም፤ በሌዘር ነው የምለካው። ከ75 በላይ ከሆነ አልተኩስም።

ባለፈው ኅዳር፣ ሊመሽ ሲል፣ ነጭ ጅራት ወንድ አጋዘን ከዛፎቹ ወጥቶ ቆመ። ጎኑን ሰጥቶኛል። ነፋሱ ወደ እኔ ነው። ሌዘሩ 94 አለ። ጠመንጃውን አወረድኩ፣ ጫማዬን ፈታሁ፣ በካልሲ በደረቁ ወንዝ ሥር ሥር መሄድ ጀመርኩ። ሣር ሲግጥ እሄዳለሁ፣ ቀና ሲል እቆማለሁ። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። እንደገና ስለካ 61 ሆነ።